ሟች የሌለበት ድንኳን

በቅርቡ አንድ ሠርግ ተጠርቼ ሄድኩ። ከኋላዬ የተቀመጠው የእድራችን ዳኛ ነበር። ከሙሽራው ወገን ለመጡ እንግዶች ስለ ሰፈራችን ትግል ያወራል። «ያን ጊዜ ሕዝቡን ያነሣሣሁት እኔ ነኝ። ለዶዘሩ ደረቴን ነው የሰጠሁት» ይላል። እንግዶቹ «ወይ ጉድ!» እያሉ ይሰሙታል። እኔ ጥብሴን አኘክሁ። ደረቱን በሚገባ አውቀዋለሁ። በእነዚያ ቀናት በጋቢ ተጠቅልሎ ከከሰሉ ምድጃ አጠገብ ነበር፤ ዶዘሩ የነበረው ደግሞ በሌላ በኩል ነው።

ፊት ለፊት ስንገናኝ አንቱ ነው የምለው። እዚህ ወረቀት ላይ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ስሙን አልጽፍም፤ የማንንም ስም አልጽፍም። ስም የጻፍኩ እንደሆነ ነገ የሰው ዘመድ አዝማድ በሬን ሊያንኳኳ ነው፤ እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ በር መክፈት ሰልችቶኛል። የሆነውን ብቻ እጽፋለሁ።

ሰፈራችን ከየካ ሚካኤል ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ የተለጠፈ ነው። ቤቶቻችን አንዱ በአንዱ ራስ ላይ ነው የቆሙት። የላይኛው ጎረቤት ያጠበበት ውሃ በታችኛው ደጃፍ ያልፋል፤ ጠቡም በዚያው መንገድ ይወርዳል። በዚህ ሁሉ ቁልቁለት ውስጥ እግዜር አንድ ደልዳላ ቦታ ሰጥቶን ነበር፤ ሜዳው እንለዋለን። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ በርበሬ ይሰጣበታል፣ ሰው ሲሞት ደግሞ የእድሩ ድንኳን እዚያ ይተከላል። ሌላ ቦታ እንትከል ቢባል አስተዛዛኙ ከነወንበሩ ተንከባሎ መገናኛ ይደርሳል።

አንድ ቀን ስለዚህ ሜዳ «ውይይት» ተጠራን። ውይይት ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፕ ስመታ ነው የኖርኩት። አንዳንዱን ቃለ ጉባኤ ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት ያስጽፉኝ ነበር። ጊዜ ለመቆጠብ ነው፤ ጊዜ አክባሪዎች ነበሩ። መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» እላለሁ። ያን ሙሉ ድምፅ የሚሉትን ድምፅ በጆሮዬ ሰምቼው አላውቅም። የሰማሁት ሳልና የወንበር ሲጥሲጥታ ነው።

ሰብሳቢው ከወረዳ የተላከ፣ ሱፍ የለበሰ ወጣት ነው። ጫማው ያብለጨልጫል፤ በጭቃችን ላይ እንዴት እንደመጣበት እስካሁን አልገባኝም። «ውድ የአካባቢያችን ነዋሪዎች፣ ከእናንተ ግብዓት ለመውሰድ ነው የመጣነው» አለ። የምንሰጠው ግብዓት ተዘጋጅቶ መጥቶልናል፤ ሜዳው ከበላያችን ለሚሠራ የአንድ ባለሀብት መዝናኛ የመኪና ማቆሚያ ይሆናል። ከዚያ «አስተያየት ካለ» አለ። አንዱ ተነሥቶ አመሰገነ። ሌላው ተነሥቶ ያመሰገነውን ሰው አመሰገነ። የእድራችን ዳኛ ተነሣና «ልማትን የሚጠላ ጤነኛ ሰው የለም» ብሎ ሁለቱንም አመሰገነ።

«የምትደግፉ?» የሰዉ እጅ ሁሉ እንደ ባህር ዛፍ ቆመ።

«የምትቃወሙ?»

እጄን አወጣሁ። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ። የባሌ ድንኳን የተተከለው እዚያ ሜዳ ላይ ነው፤ የራሴንም ቦታ በዓይኔ ለክቼ ጨርሼ ነበር። ሞቼ እንኳ ለመኪና ቦታ ልቀቂ መባሉ አልዋጥ አለኝ።

የሰብሳቢው ዓይን በእጄ ላይ አለፈ፤ ግድግዳ ላይ ያለ ሚስማር እንደሚያይ ሰው። «ድምፀ ተአቅቦ? የለም። በሙሉ ድምፅ ጸድቋል፤ እናመሰግናለን።» ተጨበጨበ። እጄ አሁንም ላይ ነው። አጠገቤ ያለችው ሴት ጎኔን ነካ አድርጋ «ኧረ አውርጂው፣ ብርድ ይመታሻል» አለችኝ። አሳቢ ናት።

ሰዉ ሲወጣ ወደ ሰብሳቢው ሄድኩ።

«ልጄ፣ አንድ እጅ ዘለልክ።»

«ማዘርዬ፣ ለውጥ አያመጣም እኮ። አብላጫው ደግፏል።»

«እንግዲያው አብላጫው በል። ሙሉ አትበል።»

«ኧረ ማዘር፣ ምን ልዩነት አለው? ያው ነው!» ብሎ ሳቀ። «ይልቅ ቤትዎ ገብተው ይረፉ፤ ብርድ ነው።»

የዚያን ቀን ሁሉም ስለ ብርዴ ተጨነቀ።

ሜዳው እንዳይሄድ እፈልግ ነበር፤ ይህ ግልጽ ነው። ከሜዳው ይልቅ ያቃጠለኝ ግን እጄ ነው። ሰው ሁሉ እያየው አየር ላይ የቆመ እጅ አልነበረም ተባለ። እንዲቆጠር ፈለግሁ። ተሸንፎም ቢሆን ይቆጠር።

እዚህ ላይ ሳልወድ አንዲት ሴት ማስገባት አለብኝ። ከቤቴ በላይ ያለች ጎረቤቴ ናት። በጣሪያዋ አሸንዳ ምክንያት ለዓመታት ተኮራርፈናል፤ የክረምት ውሃዋን በሙሉ በእኔ ግቢ ታወርደዋለች። ሚካኤል ደጃፍ ጎመንና ድንች ትሸጣለች፤ ምላሷ ከቢላዋዋ ይበልጥ ስለታም ነው። በወጣትነቷ ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክማ ስትወርድ የደን ጥበቃዎቹን እንዴት እንዳስቸገረቻቸው ይተረክላታል። አብዛኛውን ጊዜ የምትተርከው ራሷ ናት። የስብሰባው ቀን ገበያ ላይ ስለነበረች አልመጣችም። ማምሻውን በሬ ላይ ቆመች።

«አንቺ» አለችኝ፣ ሰላምታ የለ ምን የለ። «እጅ አወጣሽ አሉ።»

«ማን አለ?»

«ማን ያላለ አለ? አብዳለች ነው የሚሉት። እውነት ነው?»

«የቱ? እብደቱ ነው እጁ?»

«እብደቱንስ ድሮም አውቀዋለሁ። የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ አንቺ ጋ ነው አይደል?»

ቁልፉ እኔ ጋ ነው። በእድራችን ሥራ ተከፋፍሏል፤ ወንዶቹ ሥልጣኑን ይይዛሉ፣ እኛ ብረት ድስቱን።

«ድንኳኑን ሜዳው ላይ እንትከለው» አለች።

«ማን ሞቶ?»

«ማንም። የለቅሶ ድንኳን ሲያፈርሱ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አሰብኩ። በዚህ ከተማ አጥር ሲፈርስ አይቻለሁ፣ ቤት ሲፈርስ አይቻለሁ፣ ትዳርማ ስንቱ። የለቅሶ ድንኳን ሲፈርስ ግን አላየሁም። የእናቱን ምክር ሰምቶ የማያውቅ የታክሲ ሹፌር እንኳ ድንኳን አጠገብ ሲደርስ ሙዚቃውን ይዘጋል። ለሞተ ሰው ያለን አክብሮት ልዩ ነው፤ የምንቸገረው በቁም ካለው ጋር ነው።

ሐሳቡ የእኔ ነበር ብል ደስ ባለኝ። የእሷ ነው። ጽፌዋለሁ፤ ሁለተኛ አልጽፈውም።

ዶዘሩ ይመጣል በተባለበት ጠዋት ድንኳኑ ቆሞ ነበር። ወንበር ደረደርን፣ ከሰል አያያዝን፣ ንፍሮ ቀቀልን። እኛ ምንም አልተናገርንም። ድንኳን ራሱ ይናገራል። በስብሰባው እጃቸውን ለድጋፍ ያወጡት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ንፍሮና ሻይ በፔርሙዝ ይዘው መጡ። ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው የለም። እድርተኛ ሆኖ፣ ለቅሶ ቤት ገብቶ፣ ለመሆኑ ሟቹ ማነው ማለት ነውር ነው፤ ሳይሰማ መቅረቱን በራሱ አፍ መመስከር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሌላው ያውቃል ብሎ ተቀመጠ። ከሰፈራችን ግርጌ በተሠራው አዲስ አፓርታማ የምትኖር አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ከሥራ ተጣድፋ መጣችና በጆሮዬ «ሶሪ፣ ሚቲንግ ላይ ሆኜ አልሰማሁም» አለችኝ። አይዞሽ፣ ማንም አልሰማም አልኳት። ከቤተ ክርስቲያን ይወርድ የነበረ አንድ የማናውቀው ሽማግሌ ገብቶ እንባውን ጠረገ። «በጣም ደግ ሰው ነበሩ» አለ። ጎረቤቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አፍና ትንቀጠቀጥ ጀመር። ሽማግሌው ልቧ የተሰበረ መስሎት ትከሻዋን መታ መታ እያደረገ አጽናናት።

የእድራችን ዳኛ ሲመጣ ፊቱ ቀልቷል፤ ያለ እሱ ፈቃድ ሰው መሞቱ አናዶታል። ከፍ ያለው ቦታ ላይ ተቀምጦ ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

«ማነው እሱ?»

«ሜዳው ነው ጋሼ።»

ጉንጩ ውስጥ ያለውን ንፍሮ መዋጥ አቃተው። ተነሥቶ እንዳይሄድ ሰው አይቶታል፤ ለቅሶ ጥሎ ወጣ ይባላል። ተቀምጦ እንዳይቀር ወረዳው ይሰማል። ያለው አማራጭ ጋቢውን እስከ አፍንጫው መከናነብ ነበር፤ እሱኑ አደረገ። ይህ ነው እንግዲህ ደረት መስጠት የተባለው።

እየዋለ ሲሄድ ሙቀቱ ነው መሰለኝ ድፍረት አገኘ። ጋቢውን ትንሽ ገለጥ አድርጎ «እኔ የምለው፣ ወጣቱ ለምን ድንጋይ ይዞ አይጠብቅም?» አለ። ወጣቱ የሌላ ሰው ልጅ ነው፤ የእሱ ልጆች ውጭ አገር ናቸው።

ጎረቤቴ ሻይ እየቀዳች ነበር። «ድንጋይ ካማረዎ እርስዎ ይቅደሙ ጋሼ፤ እኛ ለቅሶ ላይ ነን» አለችው።

አላማረውም።

ዶዘሩ ከሰዓት በኋላ መጣ። ዳገቱን እያጓራ ወጣና ድንኳኑ ፊት ሲደርስ ጸጥ አለ። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ፣ ቆቡን አወለቀ፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አነጋገሩ ከደቡብ የመጣ ሰው ያስመስለዋል። ንፍሮ ተሰጠው። ጎረቤቴን አላስቻላትም፤ አጠገቡ ሄዳ ቁጢጥ አለች።

«ልጄ፣ የሞተ ሰው የለም። የምታርሰው የእኛን ማልቀሻ ነው። አውቀህ ብላ።»

አኝኮ ዋጠ። ከዚያ «እናቴ፣ እኔ ያየሁት ድንኳን ነው» አላት።

ስልኩ ጮኸ። አለቃው ነው፤ ድምፁ ለሁላችንም ይሰማል። «ለቅሶ ላይ ነኝ» አለ ሾፌሩ። «አዎ፣ እዚያው ሜዳው ላይ... ድንኳን አለ ስልህ! ሰው እያለቀሰ በላዩ ልንዳበት? ከፈለግህ አንተ ናና ንዳው።» ስልኩን ዘግቶ ሻዩን ጠጣ።

በሠርግ ላይ ጀግንነት ሲተረክ የዚህን ሰው ነገር የሚያነሣ አላጋጠመኝም። የሰፈር ሰው አይደለማ። እኛ የምናጣው ሜዳ ነበር፤ እሱ እንጀራውን አስይዞ ነው የተቀመጠው፣ ያውም እውነቱ ተነግሮት።

በማግስቱ ሰብሳቢው ራሱ ሁለት ደንብ አስከባሪዎች አስከትሎ መጣ። ከሩቅ እጁን እያወናጨፈ ነበር። ድንኳኑ በር ላይ ሲደርስ ግን ወገቡ በራሱ ጊዜ ጎንበስ አለና «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለ። አፉን ያዘ፤ ወጥቶበታል። እናቱ በደንብ አሳድጋዋለች፤ ለዚያች ቀን አመሰግናታለሁ። ዘወር ሲል ደንብ አስከባሪዎቹ ተቀምጠው ሳህን ይዘዋል።

«ማነው የሞተው?» አለ በቁጣ።

«ገና አልተለየም ልጄ» አለች ጎረቤቴ። «ቁጭ በል።»

ቆሞ ቀረ። «ይሄ ሕገ ወጥ ነው! ሟች የሌለው ለቅሶ የት አገር ነው ያለው?»

«እጅ ሳትቆጥር ሙሉ ድምፅ አልክ፤ እኛ ሟች ሳናገኝ ለቅሶ ብንቀመጥ ምን ይገርማል?» አልኩት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ዳኛው በሠርጉ ላይ የራሱ አድርጎ ሲናገረው ሰምቻለሁ፤ ያውም አበላሽቶ።

«ምንድን ነው የምትፈልጉት ማዘር?»

«ስብሰባው ይደገም። እጅ ይቆጠር።»

«ውጤቱ አይቀየርም እኮ!»

«አይቀየር። ቁጠረው።»

ወደ ዶዘሩ አየ፤ ዶዘሩ ተኝቷል። ወደ ደንብ አስከባሪዎቹ አየ፤ አንደኛው ንፍሮ ጨምሩልኝ እያለ ነው። «እሺ፣ ይቆጠራል» አለ። «ድንኳኑን አንሡ።»

«ከተቆጠረ በኋላ» አለች ጎረቤቴ።

ስብሰባው ከጥቂት ቀናት በኋላ በትምህርት ቤት አዳራሽ ሆነ፤ ድንኳኑ እስከዚያው ቆሞ ነበር። ሞኝ አይደለሁም፤ ቢሆንም ድንኳን ውስጥ ያየሁትን ሰው ሁሉ በልቤ እየደመርኩ ነበር የሄድኩት። ከሦስት ቀን በላይ አብሮን ተቀምጦ፣ ንፍሯችንን በልቶ፣ «በርቱ፣ ከጎናችሁ ነን» ያለ ሰው ቢያንስ አንድ እጁን ያወጣል ብዬ። ደጋፊዎቹ ቀድመው ተቆጠሩ። ሰብሳቢው ግን እንደ ጫማው ብልጭ ያለ ልጅ ነው። «አሁን የምትቃወሙ እጃችሁን አውጡ» አለና ትንሽ ቆይቶ ጨመረ፤ «ሲቆጠር ስማችሁን እየተናገራችሁ። ለግልጽነት ነው።»

ወጥተው የነበሩት እጆች ለግልጽነት ሲባል ወረዱ። የዳኛው እጅ መንገድ ላይ ጆሮውን አገኘና እዚያው ማከክ ጀመረ። ንፍሮ ያመጡት ሴቶች የነጠላቸውን ጥለት አዲስ እንደተገዛ ይመረምሩታል። «ብርድ ይመታሻል» ያለችኝ ሴትዮ ስልክ ተደውሎላት ወጣች፤ ስልኳ ግን አልጮኸም። ልጅ አላቸው፣ ሥራ አላቸው፣ ቤታቸው የቀበሌ ነው፤ ልፈርድባቸው አይገባም ይባላል። እፈርድባቸዋለሁ።

ጎረቤቴ ቀድማ ተነሣች። ስሟን ከነአያቷ ጮክ ብላ ተናገረች። «ጎመን ሻጭ ነኝ» አለች። «ብትፈልጉኝ ከሚካኤል ደጃፍ አልጠፋም። ስትመጡ ዘንቢል ያዙ፤ ፌስታል የለኝም።» አዳራሹ ሳቀ። ሰብሳቢውም ሊስቅ ነበር፤ ሥራው ትዝ አለው።

ከዚያ እኔ ተነሣሁ። ጉልበቴ ለመቆም ጊዜ ፈጀብኝ። ስሜን፣ የአባቴን ስም፣ የአያቴን ስም ተናገርኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ ብለው ያወሩብኛል። አዳራሹ ቀዝቃዛ ነበር። ከዚያ በላይ የማብራራው የለኝም።

ከእኔ በኋላ የሒሳብ ሠራተኛዋ ተነሣች። ሰፈሩን ገና በቅጡ የማታውቅ፣ ሜዳው ላይ ለአንድም ዘመድ ያላለቀሰች ልጅ። እጇ ውስጥ ስልኳን ጨብጣ ስሟን ስትናገር ሁሉም ዞሮ አያት። ጥቂት ሰዎችም ተከተሉ፤ በጣት የምንቆጠር ነበርን። ግን ተቆጠርን። ሰብሳቢው በእስክሪብቶው እያመለከተ አንድ በአንድ ቆጠረን፤ ከእኔ ሊያልፍ ሲል ቀና ብሎ ዓይኔን አየኝ።

«በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል» አለ፤ ከእግሩ እሾህ እንደሚነቅል ሰው ፊቱን አጨማዶ። ማንም አላጨበጨበም። ለሙሉ ድምፅ ማጨብጨብ ለምደናል፤ ለአብላጫ ምን እንደሚደረግ ማንም አላወቀም።

ሜዳው ሄደ። በማግስቱ ዶዘሩ ሥራ ጀመረ፤ ሾፌሩ ሌላ ሰው ነበር። የመጀመሪያው ምን እንደሆነ ጠየቅን፤ የነገረን የለም። አሁን መኪኖቹ ደልዳላው ላይ ያርፋሉ፤ እኛ ድንኳናችንን አስፋልቱ ጠርዝ ላይ አዘንብለን ተክለን እናለቅሳለን። መታወቂያዬን ለማሳደስ ስሄድ ኔትወርክ የለም ተባልኩ። ከኋላዬ ለተሰለፈችው ግን ኔትወርኩ መጣ። ኔትወርክም ሰው ያውቃል።

ጎረቤቴና እኔ ወዳጅ ሆንን ብሎ የጠበቀ አንባቢ ካለ ይቅርታ ያድርግልኝ። ሰላም እንባባላለን፤ ከዚያ በላይ አልተስማማንም።

ባለፈው ወር ደግሞ ለስብሰባ ተጠራን፤ በዳገቱ መንገድ ላይ መብራት ሊተከል ነው። ሰብሳቢው ያው ልጅ ነው፤ ትንሽ ወፍሯል። ጥሩ ጥሩውን ሁሉ ከነገረን በኋላ «ይህን የሚቃወም እንደማይኖር ግልጽ ነው» አለ። «እንግዲህ በሙሉ...» አለና ቆመ። ዓይኑ በወንበሮቹ መካከል እየፈለገ መጥቶ እኔ ላይ ዐረፈ። ሰዉም ዞረ፤ የእድራችን ዳኛም ዞረ።

«ማዘር፣ መብራቱን ይደግፋሉ አይደል?»

እንዴት አልደግፍ? በጨለማ ወድቄ ጉልበቴን የተጎዳሁት እዚያ መንገድ ላይ ነው።

«እደግፋለሁ» አልኩት።

«ታዲያ?»

«ታዲያ ቁጠር።»

ከኋላ አንድ ሰው «ወይ ሴትዮ!» አለ። ሌላው ሰዓቱን አየ። ሰብሳቢው ተነፈሰና እስክሪብቶውን አወጣ፤ ከፊተኛው ረድፍ ጀምሮ እጅ በእጅ መቁጠር ጀመረ። እኔ ያለሁት መጨረሻው ረድፍ ላይ ነው። እስኪደርስብኝ ክንዴ ዛለ። አላወረድኩትም።